ላንቺ ምን ምን ይላል?

ሥራዋ ቢራ መቅመስ መሆኑን የሰማ ሁሉ ይስቃል። «ታድለሽ! እየጠጡ ደመወዝ!» ይላታል ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው እንኳን። እሷም መልሷን አዘጋጅታ ነው የምትኖረው፤ «ጥሬ ሽንኩርት ከቀመስኩ ስንት ዘመኔ! ሽቶ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀባሁት ለሠርጌ ነው። ጠዋት ጥርሴን የምፍቀው በባዶ ውሃ ነው። አሁንም ታድለሽ ነው የምትለኝ?» ትላለች። ሰውዬው ሽንኩርት ወዳድ ከሆነ ያኔውኑ «ነፍስ ይማር» ይላታል።

የምትሠራበት ጠመቃ ቤት ትንሽ ነው፤ ፎቁ ቢሮና መቅመሻ፣ ከሱ ሥር ጠርሙስ መሙያ፣ ከመሬት በታች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ደግሞ ግድግዳው ሁልጊዜ የሚያልበው የበርሜሎቹ ክፍል። የሚጠመቀው የቼሪ ቢራ ነው፣ በቤልጂጎች ወግ። ጎምዘዝ ያለው ቢራ መጀመሪያ በእንጨት በርሜል ውስጥ ይተኛል፤ ቀጥሎ ቼሪው፣ ያ እንደ ብይ ትንሽና ቀይ ፍሬ፣ ከነዘሩ ይጨመርበታል፤ በርሜሉ በእንጨት ውታፍ ይደፈናል። ከዚያ ወዲያ የሰው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው። ሲሳካለት ቀይ ነው፣ ጎምዛዛ ነው፣ ምላስን ኮርኮር አድርጎ ያልፍና፣ ዘሩ የተፈረከሰ እንደሆነ፣ መጨረሻ ላይ ከቼሪው ዘር የሚመጣ ቀጭን ምሬት፣ ለውዝ ለውዝ የሚል፣ ጉሮሮ ጥግ ላይ ቁጭ ይላል። ካልተሳካ ያው ኮምጣጤ ነው፤ ስሙን ቢያሳምሩት ምን ይጠቅማል።

በርሜሎቹን ይሞላ የነበረው ባሏ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «ጎምዛዛው» ይለው ነበር። ቅጽል ስም መቼም ሰውን አይመስልም፤ ሰውዬው ማር ነበር። አንድ የማይተወው ልማድ ነበረው። ሌላው ሰው ቼሪውን እንዳለ ሲገለብጥ፣ እሱ ከየባልዲው እፍኝ እፍኝ ይወስድና በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከእጅ መዳፍ በማትበልጥ መዶሻ ዘሩን እየፈረከሰ ይመልሰዋል። ቀኑን ሙሉ ኳ፣ ኳ፣ ኳ ነው። ጠርሙስ ክፍል የሚሠራው ረጅሙ ባልደረባቸው፣ ሽመል የሚሉት፣ «እንዴ ሰውዬ፣ ጥርስ ነቃይ ነህ ወይስ ጠማቂ?» ሲለው፣ «ዘሩ ካልተፈረከሰ ቼሪው ግማሹን ወሬ ደብቆ ነው የሚያወራህ» ይለው ነበር።

ማታ ማታ ደግሞ ሌላ ጨዋታ ነበራቸው፣ የባልና የሚስት። የቀኑን ሥራ በትንሽ ጠርሙስ ቀድቶ ይመጣል። እሷ ወጥ ቤት ውስጥ እጇን እያደራረቀች ሳለ ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር ያቀርብና፣ «ላንቺ ምን ምን ይላል?» ይላታል። «ዝናብ የመታው እንጨት እንጨት ይላል።» «ሌላስ?» «የፖም ልጣጭ።» «ሌላስ?» «ሌላማ ባሌ ነገር አብዝቷል ይላል!» ይሳሳቃሉ። ይህን ጨዋታ ያመጣው በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። እሷ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜያችን ተመልሶ ሊያሽኮረምመኝ ነው ብላ በልቧ ደስ ይላት ነበር።

ካቻምና ሞተ። ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር በቅሎ ኖሯል፤ ሐኪሞች ሲደርሱበት ረፍዷል። የቼሪው ወቅት ሲጀምር በእግሩ ቆሞ አንድ በርሜል ሞላ፤ ወቅቱ ሳያልቅ ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም። የቀሩትን በርሜሎች ያለው ሰው ተረዳድቶ ሞላቸው። እሷም ከሆስፒታል ስትመለስ ትገባና ትሠራ ነበር፤ ግን በዚያ ሰሞን ምን በላሽ፣ ምን ለበስሽ፣ ምን ሠራሽ ብትባል አንዱንም አታስታውስም። እጇ ይሠራል፣ እሷ ሌላ ቦታ ናት።

ስለዚህ ከሰውዬው የቀረ አንድ በርሜል ነበር፤ ምድር ቤት ከሌሎች አራት ጋር የተኛ። አለቃው፣ ጠመቃ ቤቱን ከአባቱ የወረሰው ልጅ፣ በቀብሩ ማግስት ቤቷ መጥቶ ቃል ገባላት። «እትዬ፣ የሌላው በርሜል እንደ ወጉ እርስ በርሱ ይደባለቃል። የጋሼ በርሜል ግን ካለፈ ከማንም ጋር አይደባለቅም። ለብቻው ይታሸጋል፤ ስሙ ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል።» ማተሚያ ቤት የምትሠራው ልጇ ይህን ስትሰማ አልቻለችም፤ አስቀድማ ወረቀቱን አተመችው። ቡናማ ወረቀት ላይ «ጎምዛዛው» ይላል፤ ከሥሩ ትንሽ መዶሻ ተስሎበታል። ጥቅሉ ከልጇ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጦ ሁለት ዓመት ጠበቀ። «ካለፈ» የምትለዋ ቃል ግን እናቲቱን እንቅልፍ ትነሳት ነበር። ማለፉንና አለማለፉን የምትፈርደው እሷ ራሷ ናታ!

የመቅመሻው ቤት ደንብ ጥብቅ ነው። ብርጭቆው ጥቁር ነው፤ ቀይ ቀለም ያየ ዓይን ምላስን ያታልላልና። የሚቀዱት እማማ ናቸው፣ ብርጭቆ በማጠብ ያረጁት ሴትዮ። የትኛው ብርጭቆ ከየትኛው በርሜል እንደመጣ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ሲሆኑ፣ ፊታቸው እንዳይናገር ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ መስኮቱ ይቆማሉ። ቀማሾቹ ደግሞ በርሜሉ ከተደፈነ ጀምሮ ምድር ቤት አይወርዱም። አንድ ቀማሽ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ከደፋው፣ ሌሎቹም ቀምሰው ከተስማሙ፣ ያ በርሜል ሞቷል፤ ይፈሳል። የሚያፈሰውም ብርጭቆውን የደፋው ሰው ነው፣ በገዛ እጁ።

ይህን የመጨረሻውን ደንብ ማን ያወጣው ይመስላችኋል? ጎምዛዛው ራሱ። በተጋቡ ሰሞን እሷ ለልምምድ አንድ በርሜል ሞልታ ነበር። ደርሶ ሲቀመስ፣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ደፋባት። ሲነገረው ደነገጠ፤ ግን ብርጭቆውን መልሶ አላቀናውም። «የደፋሁት እኔ ነኝ፣ ማፍሰሱንም ለሌላ ሰው አልሰጥም» ብሎ ወርዶ አፈሰሰው። ማታ ቤት ሲገባ ትራሱ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀው።

«አንቺ፣ እኔ እኮ አይደለሁም የደፋሁት፣ ብርጭቆው ነው። ብርጭቆ ዘመድ አያውቅም።»

«እንግዲያው ከብርጭቆው ጋር ተኛ!»

ይህን ታሪክ ጠመቃ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር ሽመል ድምፃቸውን እያስመሰለ ያወራዋል።

እንግዲህ ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ምንም ሳትቀምስ ወጣች። ልጇ ስልክ ደውላ፣ «እማዬ፣ እንዳለቀ ንገሪኝ፤ ወረቀቱን ይዤ እበራለሁ» አለቻት። ከበስተጀርባ የልጅ ልጇ ይንጫጫል። መቅመሻው ክፍል ስትገባ አለቃውና ሽመል ቀድመዋት ተቀምጠዋል፤ ነጩ ጠረጴዛ ላይ አምስት አምስት ጥቁር ብርጭቆ በየሰዉ ፊት ተደርድሯል። እማማ መስኮቱ ጋ ናቸው።

«እትዬ፣ እንዴት አደርሽ? ተኛሽ?» አለ አለቃው።

«ብተኛስ ባልተኛስ፣ ምላሴ ተኝቶ አድሯል፤ እሱ ይበቃል።»

በልቧ ግን የምታደርገውን ታውቃለች። ደንቡን አታፈርስም፤ ሆኖም ለውዟን ትጠብቃለች። የተፈረከሰ ዘር የሚያስገባ ሰው በዚህ ቤት አንድ እሱ ብቻ ነበር። ከአምስቱ በአንዱ ውስጥ ያቺ ቀጭን ምሬት ትኖራለች፤ ስትመጣ ታውቃታለች፤ ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ጠረን እንዴት ይጠፋታል?

የመጀመሪያው ብርጭቆ ደህና ነው። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ከሌላ ጋር ሲደባለቅ የሚያምር። ሦስቱም ብርጭቋቸውን እንደ ቆመ አስቀመጡት።

ሁለተኛውን ገና ወደ አፍንጫዋ ስታስጠጋው ፊቷ ተቋጠረ። እርጥብ ጨርቅ፣ ሻጋታ፣ ከዚያ ኮምጣጤ። ለደንቡ ያህል ከንፈሯን አስነካችው፣ ተፋችውና ብርጭቆውን ደፋችው። ኳ! አለ ጠረጴዛው። ሁለቱም ወዲያው ቀምሰው፣ ተስማምተው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሦስቱም አስቀምጠዋልና አሁን መናገር ይቻላል። ደግሞም ያ ለውዝ እዚህ እንደሌለ ስላወቀች ልቧ ቀለል ብሏል፤ ጨዋታዋ መጣ።

«ይቺን የሞላት ሰው» አለች፣ «አፍንጫውን ቤት ረስቶት ነው ሥራ የገባው!»

ሽመል በሳቅ ፈረሰ። አለቃውም ሳቀ። እማማ ብቻ አልሳቁም፤ መስኮቱን እያዩ ቆመው ቀሩ። ያኔ ማንም ልብ አላለውም።

ሦስተኛው መጣ። ቀይነቱን ባታየውም ቀይ መሆኑ ታወቃት። ቼሪው ቀድሞ ገባ፣ ሞቅ ብሎ፤ ጎምዛዛው ተከተለ፤ ኮረኮራት፤ ሄደ። እሷ ጠበቀች። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ከዚያ ከጉሮሮዋ ጥግ፣ ሰው በር በቀስታ ከፍቶ እንደሚገባ፣ ለውዙ መጣ።

አልተፋችውም። ዋጠችው። ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቅፋ አስቀመጠችው፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። አለቃው አይቶ ዓይኑን ዞር አደረገ። ሽመል ኪሱን ዳበሰና መሀረብ አጥቶ የብርጭቆ መወልወያውን ዘረጋላት። ሁሉም አውቀዋል። መጣ ሰውዬው! አራተኛውና አምስተኛው እንዴት እንደ ተቀመሱ እንኳን አታስታውስም፤ ሁለቱም አለፉ።

«በሉ እማማ፣ ይዙሩ» አለ አለቃው። «ሦስተኛው የጋሼ ነው፣ አይደለም? እኛም እናውቃለን፤ ብቻ ከአፍዎ እንስማው።»

እማማ ዞሩ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉት፤ እርጥብ ግን አልነበረም።

«ሦስተኛው የሷ ነው» አሉ።

«የማን?»

«የሷ፣ የራሷ። እሱ ሆስፒታል ሳለ የሞላችው።»

«እኔ?» አለች። «እኔ ዘር ፈርክሼ አላውቅም እማማ። ለውዙ እኮ...»

ሽመል ግንባሩን መታ። «እንዴ! ፈርክሰሻል እንጂ! በርጩማው ላይ ተቀምጠሽ፣ በሱ መዶሻ፣ ኳ ኳ ስታደርጊ ዋልሽ። ተይ ደክሞሻል፣ ሂጂ ተኚ ስልሽ ቀና ብለሽ እንኳን አላየሽኝም። ተዋት አልኩ፣ ይውጣላት አልኩ።»

እጇን አየችው፤ ያ እጅ ያን ሁሉ ሠርቶ አልነገራትም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ መልሱን የፈራ ሰው እንደሚጠይቅ፣ «የእሱስ የትኛው ነው?» አለች።

እማማ የተደፋውን ብርጭቆ አዩት።

ያቺ ቀልድ ያን ጊዜ ተመልሳ መጣች፤ አፍንጫውን ቤት ረስቶት። ጆሮዋ ላይ ራሷ ስትናገራት ሰማቻት።

«አይሆንም» አለ አለቃው፣ ብድግ ብሎ። «ጋሼ አፍንጫውን በርሜሉ አፍ ከትቶ ሳያሸት ሞልቶ አያውቅም። የሻገተ እንጨት ከደጅ ነው የሚሸተው! እንዴት ያልፈዋል?»

«አሽትቷል» አሉ እማማ። «አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ እኔን ጉንፋን ይዞኝ ነበር እንጂ ምነው ባሸተትኩለት። ጎንበስ አለ፣ አሸተተ። ቀና አለ። ደግሞ ጎንበስ አለ፣ ደግሞ አሸተተ። ከዚያ ወጣ ብሎ ስልክ ደወለ። ሲመለስ 'ንጹሕ ነው፣ ሙሉት' አለ። ውታፉን ሲመታም እጁ ልክ አልነበረም። እኔ ሙቀቱ ነው ብዬ።»

ስልክ።

እሷ በዚያ ሰሞን እዚህ አልነበረችም፤ ልጇ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ነበር። ስልኩን ታስታውሰዋለች፤ ሕፃኑን ታቅፋ በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ ነው ያወራችው።

«መቼ ነው የምትመጪው?»

«ገና ነኝ። ምነው፣ ናፈቅኩህ?»

«ምላስሽ ናፈቀኝ።»

«ሂድ ወዲያ! ቤቱ ዝም ሲል ደስ ይልሃል ብዬ ነበር እኮ!» ብላ ስቃ ዘጋችው።

አሁን ሁሉም ነገር አንዱ አንዱን እየጎተተ መጣ። አንድ ቀን ወተቱ ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ቤቱ በጭስ ሲታፈን፣ እሱ ወጥ ቤቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጋዜጣ ያነብ ነበር። «አንተ፣ አፍንጫህን አስይዘህ ነው እንዴ?» ብላ ተቆጣችው፤ እሱም አብሯት ሳቀ፤ ግን ጋዜጣውን አጥፎ ወደ ደጅ ወጣ። ሌላ ቀን ደግሞ እዚሁ መቅመሻ ክፍል ውስጥ፣ ለአለቃው፣ «ዝናብ የመታው እንጨት ይላል፣ የፖም ልጣጭ» ሲል ሰማችው፤ በዋዜማው ማታ ከሷ አፍ የወጣውን፣ አንድ ቃል ሳያጎድል። እንዴት ኮርታ ነበር! ባልና ሚስት ሲስማሙ ምላሳቸው እንኳን አንድ ይሆናል ብላ።

ለካስ ጨዋታ አልነበረም። ለካስ የዚያን ሰሞን ሁሉ፣ እያንዳንዱን ማታ፣ ሰውዬው ዓይኑ እንደጠፋ ሰው እጇን ይዞ መንገድ እየጠየቃት ነበር። ጉንፋን ነው ያልፋል ብሎ ይሆናል። ወይም ደግሞ ሊነግራት ፈርቶ ይሆናል፤ ማሽተት ያቃተው ጠማቂ ምን ተብሎ ይጠራል? እሷ በሌለችበት ቀን ደግሞ፣ ያለ እሷ ምላስ የሞላት ያቺ አንዲት በርሜል መጣችበት። ደወለ። ሊጠይቃት ደወለ። በስልክ ሽታ እንዴት ይነገራል?

አለቃው አጠገቧ መጥቶ ተንበረከከ። «እትዬ፣ ስሚኝ። ዛሬ ምንም አልተቀመሰም። ብርጭቆውን አቅኚው። አንድ በርሜል ቢበላሽ ቤቱ አይፈርስም፤ እንዳለ እናስቀምጠዋለን፣ አንነካውም።»

«እኔ አላየሁም» አለ ሽመል። «እማማም አላዩም። ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር።»

«ወይም ወረቀቱን ሦስተኛው ላይ እንለጥፈው» አለ አለቃው። «የሱ ሙያ እኮ ነው። መዶሻውም የሱ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። «ትራሱን ወጥ ቤት ወንበር ላይ አስቀምጬበት ነበር፣ ታውቃላችሁ?» አለች። ሽመል ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ አልሆነለትም። «ያኔም ብርጭቆውን አላቀናልኝም። እኔ አሁን ባቀናለት፣ አክብሬው ሳይሆን አዝኜለት ይሆናል። እንዲታዘንለት ቢፈልግ ኖሮ ይነግረኝ ነበር።»

ኮሪደር ላይ ወጥታ ለልጇ ደወለች። ልጇ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳችው። «እማዬ? እንዴት ሆነ?»

«አልሆነም፣ የኔ ልጅ።»

«እማዬ፣ ማን ደፋው?»

«እኔ።»

ልጇ አላለቀሰችም፣ ወይም ስልኩን ከአፏ አርቃ ነው። ቆይታ፣ «ወረቀቱን ምን ላድርገው?» አለች።

«ጀርባው ባዶ አይደል? ልጁ ይሳልበት።»

ምድር ቤቱ ደረጃ እርጥብ ነው። ሁለቱ ወንዶች ከላይ ቀሩ፤ እማማ ብቻ እስከ በሩ ሸኟት፣ በርሜሉን በጣታቸው አሳዩዋትና ተመለሱ። ውታፉን ዳበሰችው። በአንድ ጎን ገብቷል፣ በሌላው ጎን ጣት ያህል ወጥቷል። መዶሻውን ያነሳው ክንድ ምን ያህል ደክሞት እንደነበር ከዚህ በላይ የሚነግር የለም። እጇን እዚያው ላይ አሳርፋ ትንሽ ቆየች።

ከዚያ ከበርሜሉ ሥር ያለውን ቧንቧ ከመክፈቷ በፊት አንድ ብርጭቆ ቀዳች። ይኼኛው ጥቁር አልነበረም፤ ተራ የመስታወት ብርጭቆ ነው። ቀለሙ አሁንም ያምራል። በርጩማው፣ ያ በርጩማ፣ ጥግ ላይ ነበር፤ ሳበችና ተቀመጠችበት። ላይ ቤት እንደ ደንቡ ተፍታው ነበር። አሁን አልተፋችም። ጎርሳ፣ አፏ ውስጥ አዙራ፣ ዋጠችው።

«አንተዬ፣ ልንገርህ» አለች። ድምፅዋ ከግድግዳ ግድግዳ እየነጠረ ተመለሰ። «እርጥብ ጨርቅ ጨርቅ ይላል። ሻጋታ አለበት፣ ከእንጨቱ ነው፣ ካንተ አይደለም። ኮምጣጤውም አየር ገብቶበት ነው።» ደግማ ተጎነጨች። «ቼሪው አለ። ራቅ ብሎ፣ ከሥር፣ ጎረቤት ቤት ሰው እንደሚያወራ። ዘሩን አልፈረከስክም፤ እጅህ እምቢ ብሎህ ነው፣ ገብቶኛል።»

ብርጭቆውን እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ፊቷ እየተጨማደደ፣ ጉሮሮዋ እያቃጠላት፣ አንድም ሳታስቀር።

«ሌላስ?» አለች ራሷ፣ እሱ እንደሚላት አድርጋ።

መልስ ፈለገች። አፏን ፈተሸችው፤ ምንም ተጨማሪ አልነበረም። ልትዋሽለት ትችል ነበር፤ ማንም አይሰማም። ግን እሱ የሚፈልገው እውነተኛ ምላሷን ነበር፣ ሁሌም።

«ሌላ የለም፣ የኔ ጌታ» አለችው። «ይኸው ነው።»

ጎንበስ ብላ ቧንቧውን ከፈተችው። ቢራው ቀይ ሆኖ ወጣ፣ በቦዩ ጠርዝ ታጥፎ ወደ ፍሳሹ ሄደ። ፈጥኖ የሚያልቅ መስሏት ነበር፤ በርሜል ግን ትልቅ ነገር ነው። በርጩማው ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፣ ባዶውን ብርጭቆ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ድምፁ ቀጥኖ ጠብ ጠብ እስኪል ድረስ።